የመድኃኒት ዕቃና የሕይወት ፊደል

በዐቢይ ጾም በአንዲት ሰንበት፥ በአዲስ አበባ በመርካቶ በሚገኘው በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲበተን፥ በምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከበርሜል የከሰል ምድጃ እየሠሩ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ምእመን ከቅጥሩ አጠገብ ጠብቀው፥ «መምህር፥ የምጠይቅዎ ነገር አለኝ፤ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እኅታቸው የጡት ነቀርሳ ይዟት በሆስፒታል መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣታል። ፀጉሯ ረግፏል፤ የበላችው አይረጋላትም። በዚህ መካከል በዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የዘመድ ልጅ፥ በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት ዲ.ኤን.ኤ. ከሚባለው የሕይወት ፊደል እጅግ ጥቃቅን ሣጥን እየሠሩ በውስጡ መድኃኒት ለመላክ እንደሚደክሙ፥ ሊያጽናናት ብሎ ነገራት። ይህንኑ የሰማች ጎረቤት ደግሞ፥ «እንግዲያውስ በመርፌ የሚሰጥሽ ሁሉ ተፈጥሮሽን የሚለውጥ ነው» አለቻት። እኅታቸውም ፈርታ ሁለት ቀጠሮ አሳለፈች። የእርሳቸውም ጥያቄ፥ «እግዚአብሔር ፍጥረትን የጻፈበትን ፊደል ለዕቃ መሥሪያ ማድረግ ድፍረት አይደለምን? ወደ እኛ ቢመጣስ መቀበል ኀጢአት ነውን?» የሚል ነበር።

የዚያን ዕለት የሚያስቸኩለውን ብቻ መለስሁላቸው፤ ይኸውም እኅታቸው የምትወስደው መድኃኒት ከዚህ ነገር ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑንና ቀጠሮዋን እንዳትተው ነው። ዋናው ጥያቄያቸው ግን በቆመ እግር የሚመለስ አልነበረም። ካህናትም በንስሐ ልጆቻቸው ዘንድ ይህንኑ የመሰለ ጭንቀት ስለሚያጋጥማቸው፥ ጥቂት ሰፋ አድርጎ መመርመሩ የሚጠቅም መስሎኛል።

አስቀድሞ ሊቃውንቱ ይህን ያህል የሚደክሙበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። ኮሶን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አባቶቻችን ጾመው አድረው በማለዳ ይጠጡት ነበር፤ ትሉንም ያወጣላቸው ነበር። ነገር ግን ኮሶ ትሉንና ጠጪውን ለይቶ አያውቅም። መጠኑ ያነሰ እንደ ሆነ ትሉ ይተርፋል፤ የበዛ እንደ ሆነ ሰውዬው ይወድቃል። የዛሬውም የነቀርሳ መድኃኒት በዚህ ረገድ ከኮሶ ብዙ አልራቀም። ነቀርሳ ማለት ያለ ሥርዐት እየተከፈለ የሚበዛ የሰውነት ሕዋስ ስለ ሆነ፥ መድኃኒቱ ፈጥኖ የሚከፈለውን ሕዋስ ሁሉ ያሳድዳል። የፀጉር ሥር፥ የአንጀት ገበርና በአጥንት መቅን ውስጥ ያለው የደም ምንጭ ደግሞ በባሕርያቸው ፈጥነው የሚከፈሉ ናቸውና አብረው ይመታሉ። የፀጉሯ መርገፍና የሆዷ መታወክ ከዚህ የመጣ ነው እንጂ ተፈጥሮዋ ስለ ተለወጠ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ እንዳዘዘ በምዕራፍ 38 እናነባለን። በገላው ሁሉ ላይ ሳይሆን በቁስሉ ላይ ነው። ቁስሉ በውጭ ሲሆን ይህ ቀላል ነው። በሳንባ ወይም በጉበት ውስጥ ተሰውሮ ያለውን ቁስል ግን ማን ጥፍጥፍ ያደርስለታል? ሊቃውንቱ መልእክተኛ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

መድኃኒትን በዕቃ አድርጎ መላክ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሰሊጥ ከሚበቅልባቸው ቆላዎች ዋነኞቹ ሁመራና መተማ ናቸው። በመከር ጊዜ ከደጋ ወርደው በዚያ የሚሠሩ ብዙ ድሆች ሌሊት በአሸዋ ዝንብ ይነከሱና ካላዛር በተባለው በሽታ ይያዛሉ። ትኩሳቱ አይለቅም፤ ጣፊያቸው ያብጣል፤ ሰውነታቸው ይመነምናል፤ ያልታከመውም በአብዛኛው ይሞታል። ተውሳኩ የሚሸሸገው ደግሞ በሚያስደንቅ ስፍራ ነው፤ ባዕድ ነገርን እየዋጡ እንዲያጠፉ በተሠሩት በሰውነት ጠባቂዎች ሆድ ውስጥ ነው። አምፎቴሪሲን የተባለው መድኃኒት ይገድለዋል፤ ዳሩ ግን ዕራቁቱን ሲሰጥ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ከ100 ናኖ ሜትር ባነሰች የስብ እንክብል ውስጥ አድርገው ይሰጡታል። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ጠባቂዎቹም እንክብሏን እንደ ልማዳቸው ሲውጡ፥ መድኃኒቱ ጠላት ከተደበቀበት ቤት ይገባል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህ ሕክምና ይሰጣል። ካላዛርና ኤች አይ ቪ አብረው ለያዟቸው ሰዎች፥ ይህ መድኃኒት ሚልቴፎሲን ከተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ጋር ሆኖ በጎንደርና በአብደራፊ ተመርምሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ እንዲደረግ መክሯል። አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ይህ መድኃኒት ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መቀመጥ የለበትም፤ የሁመራ በረሓ ደግሞ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በሰውነት ውስጥ መንገዱን የሚያውቅ ዕቃ፥ ማቀዝቀዣና መብራት ከሌለበት ጤና ጣቢያ ሲደርስ መንገዱ ያልቅበታል።

እንግዲህ የስቡ እንክብል ማንንም ሳያስደነግጥ ሲኖር ሳለ፥ የዲ.ኤን.ኤ.ው ሣጥን ያስደነገጠው ስለ ምንድር ነው? መልሱ ከተሠራበት ነገር ላይ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. በሕዋስ ሁሉ ውስጥ የሚገኝ እጅግ ቀጭን ክር ነው። አደኒን፥ ታይሚን፥ ጓኒንና ሳይቶሲን የሚባሉ 4 ፊደላት ተሰድረውበታል። አደኒን ከታይሚን፥ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር ብቻ ይጣመራል፤ በዚህም ሥርዐት ሁለት ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው ይኖራሉ። በእነዚህ ፊደላት ቅደም ተከተል የዐይን ቀለም፥ የደም ዐይነትና ሌላም ብዙ ነገር ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ናድሪያን ሲማን የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ግን በ1982 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር አሰቡ። ፊደላቱ እንዲህ ተመራርጠው የሚጣመሩ ከሆነ፥ ክሩን ለንባብ ሳይሆን ለግንባታ ልናውለው እንችላለን አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖል ሮትሙንድ የተባሉ በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ሌላ ሊቅ፥ ባክቴሪያን ብቻ ከሚያጠቃ ቫይረስ 7,249 ፊደል ያለውን አንድ ረጅም ክር ወስደው፥ ከ200 በሚበልጡ አጫጭር ክሮች እያጠፉ፥ ኮከብ፥ ሦስት ማዕዘንና የሚስቅ ፊት ሠሩ። የእያንዳንዱ ስፋት 100 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ማለት ነው።

ይህን ለማስተዋል የእናቶቻችንን ስፌት መመልከት ይበቃል። ሰፌድም ሆነ ሙዳይ ሲሰፋ ረጅሙ የሣር እጅ ይጠቀለላል፤ በወስፌ እየተበሳም በአክርማ ከጎረቤቱ ዙር ጋር ይያያዛል። በዲ.ኤን.ኤ.ውም ሥራ ረጅሙ ክር እንደ ሣሩ፥ አጫጭሮቹ እንደ አክርማው ናቸው። ልዩነቱ ወስፌ የሚይዝ እጅ አለመኖሩ ነው። ክሮቹ ሁሉ በአንድ ጠብታ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተቀላቅለው እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃሉ፤ ሲቀዘቅዙም እያንዳንዱ አጭር ክር የተመደበለትን ስፍራ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ሰው ንድፉን ያወጣል፤ የሚሰፋው ግን ፈጣሪ በፊደላቱ ባሕርይ ያኖረው ሥርዐት ነው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከሰው ጥበብ ይልቅ ይህ መታዘዛቸው አስደነቀኝ።

ከዚህ በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ክዳን ያለው ሣጥን ተሠራ፤ ቁልፉም ሌላ የዲ.ኤን.ኤ. ክር ነበረ። በ2012 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ሾን ዳግላስ፥ ኢዶ ባሸሌትና ጆርጅ ቸርች በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ በርሜል የመሰለ ዕቃ ሠሩ። ቁልፎቹ የሚፈቱት በታመመው ሕዋስ ላይ የሚገኙትን ምልክቶች ሲነኩ ነው፤ ሁለቱም ካልተገኙ ዕቃው አይከፈትም። በ2018 እ.ኤ.አ. የቻይናና የአሜሪካ ሊቃውንት ደም የሚያረጋ ንጥረ ነገር በእንዲህ ያለ ዕቃ ጠቅልለው ነቀርሳ ላለባቸው አይጦች ሰጡ፤ ዕቃውም ነቀርሳውን ወደሚመግቡት የደም ሥሮች ደርሶ ተከፈተና ዘጋቸው። ይህ ሁሉ ግን ገና ከምርመራ ቤት አልወጣም። በደም ውስጥ የዲ.ኤን.ኤ.ን ክር የሚቆራርጡ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ጉበትና ኩላሊትም ባዕዱን ፈጥነው ያስወግዳሉ። እስከ ዛሬ ለሕሙማን ሕክምና የተፈቀደ እንዲህ ያለ ዕቃ የለም። ስለዚህ ያች ጎረቤት የፈራችው ነገር በአዲስ አበባ ቀርቶ በየትም ሆስፒታል አይሰጥም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። «የሕይወት ፊደል» የሚለው ስም ራሱ ብዙዎችን ያሳስታል፤ ዲ.ኤን.ኤ.ን ነፍስ አድርገው ያዩታልና። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሰው ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት፥ ረቂቅም እንደ ሆነች ያስተምራሉ። ዲ.ኤን.ኤ. ግን የሚለካ፥ የሚመዘን፥ በሙቀት የሚፈታ ግዙፍ ነገር ነው፤ ከምድር አፈር ከተገኘው ወገን ነው። እነዚያው 4 ፊደላት በሰው ብቻ ሳይሆን በጎመን፥ በኮሶ፥ በዝንብና በእርሾም ይገኛሉ። በጾም ሽሮና ጎመን የበላ ሰው ሳያውቀው ይህንኑ ክር በልቷል፤ ነገር ግን ጎመን አልሆነም። ሊቃውንቱ ሣጥኑን የሚሠሩበትም ክር ከሰው የተወሰደ ሳይሆን ከባክቴሪያ ቫይረስ የተገኘ ነው።

ከዚህም ሌላ ባሕርይንና ግብርን መለየት ያስፈልጋል። የፍየል ቆዳ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ቁም ጸሐፊ ወንጌል ይጽፍበታል። ከዚያው ዐይነት ቆዳ ማኅደር ይሰፋል፤ ወንጌሉም በውስጡ ያድራል። ጫማም ከቆዳ ይሠራል። ጫማውን በመርገጣችን ብራናውን አላዋረድንም፤ የሁለቱ ባሕርይ አንድ ሲሆን ግብራቸው ልዩ ነውና። ዲ.ኤን.ኤ.ም በሕዋሳችን ውስጥ እንደ ተጻፈ ብራና፥ በሊቃውንቱ ሣጥን ደግሞ እንደ ማኅደር ነው። በሣጥኑ ውስጥ የሚፈለገው መታጠፉና መያዙ እንጂ መነበቡ አይደለም። (አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የታጠፈ ጽሑፍ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት የሚንጠለጠለውን ክታብ ያስብ ይሆናል። ክታብ በፊደሉ ስውር ኀይል ይታመናል፤ ይህ ግን ማንም በፈለገው ጊዜ ሊፈትነውና ሊመረምረው የሚችል የእጅ ሥራ ነው። ሁለቱን ማቀላቀል ለሐኪሙም ለካህኑም አይበጅም።) ታላቁ ባስልዮስ ለመነኮሳት በሰጠው ሥርዐት በ55ኛው ጥያቄ፥ ሕክምናን ከእርሻና ከሽመና ጋር አንድ አድርጎ ከውድቀት በኋላ ለሰው ድካም ከተሰጡት ጥበቦች ይቆጥረዋል፤ ተስፋን ሁሉ በእርሱ መጣልንም፥ ፈጽሞ መናቅንም ይነቅፋል።

ይህን ሁሉ በሌላ ቀን ከአረጋዊው ዘንድ ሄጄ በሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጬ ነገርኋቸው። ምሳሌም ከራሳቸው ሥራ አመጣሁ። «እርስዎ በሚሠሩት ምድጃ ላይ የቀድሞው የበርሜሉ ጽሕፈት ይቀራል፤ ግን ማንም አያነበውም፤ ፍሙን ይይዛል፥ ይበቃል» አልኋቸው። የምን አለሽ ተራን ለማያውቅ አንባቢ፥ በዚያ ስፍራ የመኪና ጎማ ጫማ፥ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ፥ በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ለአንድ ተግባር የተፈጠረው ለሌላ ይውላል። ምሳሌዬ የተሳካ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን መዶሻቸውን አስቀምጠው፥ «መምህር፥ አንድ ጊዜ ከሠራሁት ምድጃ ላይ የቀረውን ጽሕፈት አንድ ተማሪ አንብቦ፥ በርሜሉ የተባይ መርዝ የነበረበት እንደ ሆነ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ሳላስነብብ በርሜል አልገዛም» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ቃል የእኔን ምሳሌ አፈረሰው፤ ነገሩንም ይበልጥ ገለጠው። ሊቃውንቱም ይህንኑ ሥጋት ያውቁታል። ያ ረጅም ክር የሚገኘው ቫይረሱን በባክቴሪያ ውስጥ በማራባት ስለ ሆነ፥ የባክቴሪያው መርዝ ዝቃጭ አብሮት ይመጣል፤ በሚገባ ካልጠራ የሰውነት ጠባቂዎች ያውቁትና ትኩሳት ያስነሣሉ። የዲ.ኤን.ኤ.ውንም አንዳንድ የፊደል አሰካክ ጠባቂዎቹ እንደ ጠላት ምልክት ይቈጥሩታል። ስለዚህ «ዕቃ ብቻ ነውና አይጎዳም» ማለት አይቻልም፤ በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደ ያዘ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፥ ሊቃውንት ሊነበብ የሚችል ዘር ማለት ጂን ያለበትን ክር ራሱን አጥፈው ዕቃ አድርገውታል፤ ዕቃው ወደ ሕዋስ ገብቶ ሲፈታ ጽሑፉ ይነበባል። በዚህ ጊዜ ማኅደሩ ራሱ ብራና ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ በባሕርይና በግብር መካከል ያደረግሁት ልዩነት እውነት ቢሆንም፥ ግብሩ ስለሚለወጥ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ «ይነበባልን? ማን ያነበዋል? ንባቡስ እስከ ማን ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጥያቄው መልስ አንድ ዐይነት አይደለም። ዝም ብሎ ተሸክሞ፥ ጭነቱን አራግፎ፥ ተቈራርጦ በኩላሊት የሚወጣ ዕቃ ከስቡ እንክብል በሥነ ምግባር የሚለይበትን ምክንያት እኔ አላገኘሁም። የታመመውን ሰው የራሱን ሕዋስ ለማዳን የሚነበብም ቢሆን፥ በሽተኛው አውቆና ፈቅዶ እስከ ተቀበለው ድረስ መድኃኒት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በብሪታንያና በአሜሪካ ለአንድ የደም በሽታ የተፈቀደው፥ የሕመምተኛውን የደም ሕዋስ ጽሑፍ የሚያርም ሕክምና ከዚህ ወገን ነው፤ ወደ ልጆቹ አይተላለፍም። ነገር ግን በ2018 እ.ኤ.አ. በቻይና አንድ ሊቅ ገና በፅንስ ያሉትን ሕፃናት ጽሑፍ መለወጡን በገለጠ ጊዜ ዓለም ሁሉ ደነገጠ፤ እርሱም በ2019 እ.ኤ.አ. ተፈርዶበት ታሰረ። ለውጡ ያልተጠየቁት ሕፃናት፥ ከእነርሱም ለሚወለዱት ሁሉ የሚተላለፍ ነውና። ወላጅ ለልጁ መድኃኒት ሊመርጥለት ይችላል፤ ገና ያልተወለደውን ትውልድ ሁሉ መሞከሪያ ማድረግ ግን ለማንም አልተሰጠም። ድንበሩ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ የጎረቤቲቱም ፍርሃት ለዚህ ቢሆን ኖሮ ተገቢ በሆነ ነበር። ስፍራውን ስቶ ግን ከታመመች ሴት ላይ ወደቀ።

ለካህናት ወንድሞቼ በተለይ የምለው አለኝ። ፍርሃት ስፍራውን ሲስት ሰው ይሞታል። ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን የኤች አይ ቪን መድኃኒት ይተዉ በነበረበት ጊዜ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱና ጸበሉ እንደማይጣሉ፥ አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ በአደባባይ ተናግረዋል። ያ ቃል የብዙዎችን ሕይወት የሚነካ ነበር። የንስሐ አባት ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ሁሉን ያውቅ ዘንድ አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን «ይህን መድኃኒት ልተው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ሳይመረምር «ተዪ» ወይም ዝም ካለ፥ ዝምታውም እንደ መልስ ይቈጠርበታል። ሐኪሙን ለመጠየቅ የሚሄድ ካህን ክብሩ አይቀንስም። እኔም ስለ ነቀርሳ መድኃኒት የጻፍሁትን አስቀድሜ ለአንድ ሐኪም አሳይቼዋለሁ።

አረጋዊው እኅታቸውን ወደ እኔ አምጥተዋት ነበር። ስለ ሣጥኑም ስለ ፊደሉም ብዙ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ያለፉት ሁለት ቀጠሮዎች ይጎዷት እንደ ሆነ ነበር፤ ይህን ሐኪሟን እንድትጠይቅ ነገርኋት፤ ፈርታ መቅረቷንም እንዳትደብቀው። በማግስቱ ማለዳ ጸበሏን ጠጥታ ከወንድሟ ጋር ወደ ሆስፒታሉ ሄደች፤ እርሳቸውም የዚያን ዕለት ሱቃቸውን አልከፈቱም።